ለላይኛው ሣር የቀጠርነው ጅራፍ

ባለፈው ሰሞን ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር በሚኒባስ ስመጣ ሬዲዮው አንድ ወሬ አወራ። ሩቅ አገር ያሉ መንግሥታት ለጦርነታቸው የሌላ አገር ሰው በደመወዝ ይቀጥራሉ አለ። ሹፌሩ ድምፁን ጨመረው። ረዳቱ በሩ ላይ እንደ ተንጠለጠለ፣ "ምሳ ይችላሉ?" ብሎ ጠየቀ።

ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ "ምሳውንስ ይችሉሃል፤ ጥያቄው እራቱ ላይ ነው" አሉት። ሚኒባሱ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ፤ የሳቅሁት ግን በሌላ ነው። አጠገቤ ቃሪያ የሞላ ፌስታል ያቀፈች ሴት ተቀምጣለች።

"ምን አሳቀዎት?" አለችኝ።

"እኛም ቀጥረን እናውቃለን።"

"ማንን?"

"ገራፊ።"

ፌስታሏን ወደ መስኮቱ አሸሸችው። እንዲህ ዓይነት ነገር ተናግሮ ዝም ማለት ስለማይቻል እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ነገርኳት። አሁን ደግሞ እጽፈዋለሁ። ስለ አገራችን ጦርነት አይደለም። እሱን የሚያስቅ ሆኖ ያገኘው ሰው ካለ ራሱ ይጻፈው። እኔ የምጽፈው ስለ ሣር ነው።

መንደራችን ከጉና ተራራ ሥር ነው። ገብስና ድንች እናበቅላለን፤ ብርዱን ሳንዘራው እናገኘዋለን። መካከላችንን ወንዝ ይከፍለዋል። ወንዝ የምለው በክረምት ነው፤ በበጋ ዶሮ ይሻገረዋል። ከወንዙ ወዲያ ያሉትን ማዶዎች እንላቸዋለን። እነሱም እኛን ማዶዎች ይሉናል። ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ነው፣ ዕድራችን አንድ ነው፣ ሚስት የምናገባው ከነሱ ነው፤ እነሱም ከእኛ ነው የሚያገቡት። የማያስማማን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሜዳው።

የሜዳው ላይኛ እጅ ደረቅ ነው። ሣሩ ላም ስትበላው ዓይኗን የምትጨፍንለት ዓይነት ሣር ነው። ታችኛው እጅ ረግረግ ነው፤ ቄጠማ ያበቅላል። ቄጠማ ለበዓል ቤት ይጎዘጎዛል እንጂ ከብት አያደልብም። ከዚያ የባሰው አልቅቱ ነው። ላም ውኃ ልትጠጣ ስታጎነብስ በአፏ ይገባና ምላሷ ሥር ይጣበቃል። ደሟን እየጠጣ እሱ ይወፍራል፣ እሷ ትከሳለች። እንዲህ ዓይነት ሰው ስለማውቅ ጠባዩ አልገረመኝም።

የትኛው ወገን የትኛውን እጅ እንደሚያጭድና እንደሚያስግጥ የሚወሰነው በቡሄ ነው። ሌላው አገር በቡሄ ሙልሙል ይጋግራል፣ ችቦ ያበራል፣ ልጆቹ በየደጁ ሆያ ሆዬ ይላሉ። እኛም ይህን ሁሉ እናደርጋለን። ከቅዳሴ በኋላ ግን ሜዳው ላይ ጅራፍ እንገጥማለን። ከወዲህ አንድ ሰው፣ ከወዲያ አንድ ሰው ይወጣል። ከአንድ ሸማ በላይ መልበስ ነውር ነው። ከአንገት በታች፣ ከወገብ በላይ፣ ተራ በተራ ይገራረፋሉ። መጀመሪያ እግሩን ወደኋላ ያነሣ ተሸነፈ፤ ያሸነፈው ወገን የላይኛውን እጅ ይወስዳል። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ላም ያልነበረው ሰው መሆን አለበት።

እኛ ብዙ ጊዜ ተሸናፊዎች ነን። ጉልበት ያለው ልጅ ሁሉ ሄዷል። ግማሹ ደብረ ታቦር ባጃጅ ይነዳል፣ ግማሹ መተማ ወርዶ ሰሊጥ ያርማል፤ አንዱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጀርባውን ለጅራፍ መስጠት ይቅርና ሰላምታም አይሰጥም። የቀረነው ኩላሊታችንን ይዘን የምንነሣ ሰዎች ነን።

ታሪኩ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ቡሄ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ከማዶ የወጣው የሚስቴ ወንድም ነው። ከዚህ በኋላ አማቼ እለዋለሁ። ሌላም የምለው ነበረኝ፤ ግን ሚስቴ ይህን ታነበዋለች። እኔና እሷ ፊደል የቆጠርነው ሽበት ካወጣን በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። እሷ ቀድማኝ ጨረሰች። አማቼ "ማንበብ የተማርከው ሰው የሚሰድብህን በጽሑፍም እንድታገኘው ነው" ይለኛል።

ያን ጊዜ አማቼ ሲመታኝ እግሬን አነሣሁ። አገሩ ሁሉ ፈርቶ ነው አለ። አልፈራሁም። የጎማ ጫማዬን ጭቃው ይዞብኝ፣ ጫማዬን ፍለጋ ነው የሄድኩት። ይህን ለስንት ሰው አስረዳሁ መሰላችሁ። ሰው ጫማ የሌለው ይመስል ማንም አልገባውም።

እናም ዓመቱን ሙሉ ታችኛው እጅ ላይ ከረምን። ያለችኝ አንዲት ላም ናት፤ አልቅት ገባባትና ወተቷ ነጠፈ። ክረምት ሲገባ ሚስቴ ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

"ዘንድሮም አልቅት ከመጣ፣ ላሟን ይዤ ወንድሜ ጋ እሻገራለሁ።"

"ላሟን ለምን?"

"እሷም ሣር ትብላ፣ እኔም ሰው ልይ።"

ሚስቴ አትዝትም። ታስታውቃለች እንጂ።

የፍልሰታ ጾም እንደ ገባ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ሥር ተሰበሰብን። ድንች የሚነግደው ጎረቤቴ ተነሣ።

"በእብናት በኩል አንድ ሰው አለ" አለ። "ጅራፉን ሲያሳርፍ የገብስ ዛላ ከአገዳው ይለያል፤ አገዳው አያውቅም። የተቸገረ መንደር ይጠራዋል፣ ይመጣል።"

"ምን ይጠይቃል?"

"አንድ በግ። እዚህ እስካለ ድረስ ደግሞ ሆዱን።"

የነፍስ አባታችን ዝንባቸውን በጭራቸው እያባረሩ፣ "ለጌታ በዓል ምንደኛ ልናስገባ ነው?" አሉ። "ሰው ለራሱ ሣር በራሱ ጀርባ ነው የሚቆም።"

"አባ፣ እንግዲያው አንቱ ይውጡልን" አላቸው ጎረቤቴ።

አባ ጀርባቸውን ዳሰሱና፣ "በጉ ሙክት ነው?" ብለው ጠየቁ።

የተቃወምኩ እኔ ብቻ ነኝ። ነውር ነው አልኩ። ነውርም ነው። እኔ አማቼን ብመታ ተጣልቼው ነው፤ ከጋብቻዬ ቀን ጀምሮ የተጠራቀመ ምክንያት አለኝ። ይኼ እብናቴ ምን ምክንያት አለው? በግ። ያላስቀየመውን ሰው ለበግ ብሎ የሚመታ፣ ለሁለት በግ ደግሞ ዞሮ እኛን ይመታል አልኩ። ብዙ ተናገርኩ። ሰው ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝና ይቀጠር ብሎ ወሰነ።

እኛ መንደር አንድ ልማድ አለ። አንድን ነገር የተቃወመ ሰው ነገሩ እሱ ቤት ይደረጋል፤ አለዚያ ያማል። ስለዚህ እንግዳው እኔ ቤት እንዲያርፍ ሆነ። በጉም እኔ ደጅ ታሰረ።

ለቡሄ ጥቂት ቀን ሲቀረው መጣ። የጠበቅነው ግዙፍ ሰው ነበር። የመጣው ግን ቀጭን፣ አጭር፣ ጢሙን የተላጨ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው ነው። የግብርና ሠራተኛ መስሎኝ፣ "ማዳበሪያው እስካሁን አልደረሰንም" አልኩት። እሱም ከጉያው በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ገልጦ አሳየኝ። ጅራፉ ነው። የተኛ ሕፃን እንደሚያሳይ ሰው ቶሎ መልሶ ሸፈነው።

በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም። እሱ ጠዋት ተነሥቶ ፊቱን ታጠበና፣ "ጋሼ፣ ቁርስ የለም እንዴ?" አለኝ።

"ጾም ነው።"

"እኔ መንገደኛ ነኝ።"

"ከደረስክ እኮ ቆየህ።"

"መመለሱም መንገድ ነው።"

በላ። ሽሮ በላ፣ በሶ በላ፣ ቆሎውን በኪሱ እየያዘ ሄዶ ሌላ ቤት በላ። ለዘር ያስቀመጥነውን ድንች አንድ ቀን በዓይኑ አየው፤ በማግሥቱ ተቀቅሎ አገኘሁት። ሚስቴ ቅር አላላትም። "ሲበላ የሚያመሰግን ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ" አለች ወደ ግድግዳው።

አንድ ቀን ደግሞ ለጅራፉ ቅቤ ስጡኝ አለ። ቅቤ ካልጠጣ ይሰነጠቃል።

"በጾም ቅቤ ከጓዳ አይወጣም" አለችው ሚስቴ።

"እመቤቴ፣ የሚበላው እኮ ጅራፉ ነው።"

ነገሩ ስለከበደን አባ ዘንድ ሄድን። አባ ጅራፉን አገላብጠው አዩት።

"ክርስትና ተነሥቷል?" አሉ።

"ማን?"

"ጅራፉ።"

"አልተነሣም።"

"እንግዲያው አይጾምም። ቀቡት።"

ከሰዓት በኋላ ደጅ ተቀምጦ ጅራፉን ቅቤ ሲያሽ አጠገቡ ሄጄ ቁጭ አልኩ። ሊገርፈው ስላለው ሰው አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። ስሙን እንኳ። ይኼ ነገር ከንክኖኛል።

"ያልተጣላኸውን፣ የማታውቀውን ሰው እንዴት ትመታለህ?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ሳውቀውማ እንዴት አድርጌ እመታዋለሁ?"

"በምን ቂም?"

"እርስዎ ገብስዎ ሲደርስ አጫጅ ይቀጥሩ የለም? አጫጁ ከገብሱ ጋር ተጣልቶ ነው የሚያጭደው?"

"ገብስ አያመውም።"

"እሱን ገብሱን ጠይቀን አናውቅም" አለና ጅራፉን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። "ዓይን የሚያጠፋ ቂመኛ ነው፤ ቂመኛ እጁ ይንቀጠቀጣል። እኔ እጄ አይንቀጠቀጥም። በሌላው ጊዜ የምሠራው ዝንጀሮ ከማሳ ማባረር ነው። ሥራው ያው ነው።"

"ሰው መግረፍና ዝንጀሮ ማባረር?"

"ዝንጀሮው ይከብዳል። ዝንጀሮ አያፍርም።"

እኔም የራሴን ነገርኩት። አማቼን ስመታ ነገ ለቅሶ ላይ እንደምንገናኝ አውቃለሁ፤ ድንኳኑን አብረን ነው የምንተክል፤ እንጨቱን እሱ ይይዛል፣ ገመዱን እኔ አስራለሁ። ስለዚህ እጄ መጠን ያውቃል። አንተ በማግሥቱ የለህም፤ የሌለ ሰው ምን መጠን ያውቃል? አልኩት። እያሰበ መሰለኝ። ለካ የሚያስበው ሌላ ነው።

"ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም እንዴ?" አለኝ።

በዚያው ሰሞን ሚስቴ ብቅል ልትዋስ ማዶ ተሻገረች። ብቅሉን ይዛ፣ ምስጢሩን ጥላ ተመለሰች።

"ነገርሻቸው?" አልኳት።

"የሚገረፈው ወንድሜ ነው። ሰው ወንድሙ ሊገረፍ ሲል ዝም ይላል?"

"አምና የእኔ ጀርባ ሲገረፍስ?"

"አምናም ለሱ ነግሬው ነበር፤ ቀስ በል ብዬ።"

"ቀስ አላለም።"

"ብሏል። ቀስ ብሎ መትቶህ ነው እግርህን ያነሣኸው።"

ወጥቼ በጉን ተሳደብኩ።

በበዓሉ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው ላይ ወጣን። ዝናቡ ሲያካፋ አድሮ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። እኛ ከወዲህ፣ ማዶዎች ከወዲያ ቆምን። ሚስቴ መካከል ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጠች፤ ከየትኛው ወገን እንደሆነች የሚጠይቃት ሰው አልነበረም። የእኛው ሰው ሸሚዙን አጣጥፎ ለእኔ አስያዘኝና አንድ ሸማ ለብሶ ገባ። ማዶዎች ሲያዩት ሳቁ። ከዚያ የነሱ ሰው ወጣ። የወጣው አማቼ አይደለም። በር የሚያክል፣ አይተነው የማናውቅ ሰው ነው። ከደራ በኩል ነው ያመጡት።

"ቅጥረኛ አመጣችሁ?" አለ ጎረቤቴ።

"እንግዳችን ነው" አሉ ማዶዎች።

"የእኛም እንግዳችን ነው።"

"እንግዲያው እንግዳና እንግዳ ይጫወት።"

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። የእኛው ጅራፉን ጣለው። በር የሚያክለውም ጣለው። ከዚያ በጭቃው እየተንቦራጨቁ ሮጠው ተቃቀፉ፤ ትከሻ ለትከሻ ደጋግመው ተሳሳሙ።

"ልጄ እንዴት ነው?" ይላል የእኛው።

"ልጅህማ አድጓል። አሁን እኔን መግረፍ ጀምሯል።"

"እናቱስ?"

"ደህና ናት፤ ለፍልሰታ ፍቺ ና ብላሃለች።"

አበልጅ ናቸው። የእኛው የዚያን ሰው ልጅ ክርስትና ያነሣ ነው። ሁለት መንደር ጭቃ ላይ ቆሞ የሰውን ቤተሰብ ጤና ያዳምጣል። ቢቸግረን ወደ አባ ዞርን።

"አበልጅ ወንድም ነው" አሉ አባ። "አበልጁን የመታ ንስሐ አለበት።"

"ካልመታስ?" አለ ጎረቤቴ።

"የሰው በግ በልቶ ካልመታም ንስሐ አለበት።"

"በጉን አልበላሁም አባ፤ ጾም ነው" አለ የእኛው።

ተመካከሩ። ጅራፋቸውን አነሡ። ገጠሙ። እንዴት ያለ ግጥሚያ መሰላችሁ። ጅራፉ እንደ ጥይት ይጮሃል፤ ውሾች ሸሹ፣ አንድ አህያ ጭነቱን ይዞ ወንዝ ገባ። እኛ በደስታ አበድን፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ይፎክራሉ። በኋላ አንዲት ማዶ ያለች ሴት ነገሩን አበላሸችው።

"ሸማቸውን የጅራፉ ጭቃ ለምን አልነካውም?" አለች።

ተመለከትን። እውነቷን ነው። አንዱም ጅራፍ አንዱንም ሰው አልነካም። ሰማዩን ነው የሚገርፉት።

"ምታው እንጂ" አልን እኛ።

"እየመታሁ ነው" አለ የእኛው።

"አንተም ምታው" አሉ ማዶዎች ለነሱ።

"እየመታሁት እኮ ነው" አለ በሩ።

ዝናቡ ሲጠነክር ጅራፎቹ ረጥበው መጮህ አቆሙ። ሁለቱም እግራቸውን አላነሡም። ግንባራቸውን ጠራረጉና እኩል ነን አሉ። የእኛው ሸሚዙን ሊቀበለኝ መጣ።

"አታፍርም?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ነግሬዎታለሁ። የማውቀውን ሰው አልመታም።"

"የማታውቀው አስመስለህ አትመታውም?"

ሸሚዙን እስከ አንገቱ እየቆለፈ አየኝ። "እርስዎ ይችላሉ?" አለኝ።

ከዚያ አንድ የማዶ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን አንሥተው፣ እኩል የሆነ እንደሆነ ያለፈው ዓመት ሰዎች ይውጡ ይላል ሕጉ አሉ። እንዲህ ያለ ሕግ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ሁለቱም ወገን ግን "እውነት ነው፣ አባቶቻችን እንዲህ ይሉ ነበር" አለ። የራሱ ጀርባ ከሌለበት ሰው የማያስታውሰው ሕግ የለም። ቅጥረኞቹ በጎቻቸውን ይዘው አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የእኛን ሙልሙል እየገመጡ ሊያዩን ተመቻቹ።

ገባሁ። አማቼም ገባ። ሚስቴን አላየኋትም፤ እያየችኝ እንደሆነ ግን ጀርባዬ ያውቃል። ብሸነፍ ላሟም እሷም ወንዙን ይሻገራሉ። ይኼን እኔ አውቃለሁ፣ እሷ ታውቃለች፣ አማቼም ያውቃል።

"አማች፣ ጫማህን አጠበቅህ?" አለኝ።

"በገመድ አስሬዋለሁ።"

"ጀርባህንስ?"

"ምላስህን ትተህ እጅህን አሳየኝ።"

አምና ያሸነፈ ነው የሚጀምር። እጁን አነሣ፤ እኔ ጥርሴን ነከስኩ። ጅራፉ ጀርባዬ ላይ አረፈ። አባ ዝንብ የሚያባርሩበት ጭራ ከዚያ ይበረታል።

ተራው የእኔ ሆነ። አልቅቱን አሰብኩ፣ የተቀቀለውን የዘር ድንች አሰብኩ፣ "ቀስ ብሎ መትቶህ ነው" የተባልኩትን አሰብኩ። መታሁት። ሸማው ተተለተለ። አማቼ እግሩን አላነሣም፤ ዓይኑን ብቻ ጨፈነ።

ደገመኝ። አሁንም ጋቢ እንደሚያለብስ ሰው ነው የነካኝ።

"በደንብ ምታ" አልኩት በጥርሴ መካከል።

"እየመታሁ ነው።"

"ሰው እያየ ነው።"

"ላምህ ወተት ነጥፋለች አሉኝ" አለ በዝግታ።

መልሼ ልመታው እጄን አነሣሁ። እንዴት እንደምመታው እያሰብኩ አየር ላይ ቆየ፤ እጄ መጠን ያውቃል ብዬ ያወራሁ እኔ ነኝ። ሳላወርደው አማቼ እግሩን አነሣና ወደኋላ ተራመደ።

"ውይ፣ ጫማዬ" አለ።

ጫማው እግሩ ላይ ነበር።

የእኛ ወገን ጮኸ፣ ዘፈነ፣ እኔን ሊሸከም ሞክሮ ጭቃ ውስጥ ጣለኝ። የላይኛው እጅ የእኛ ሆነ። በዕድሜዬ ካሸነፍኩት ሁሉ እንደዚያ የመረረኝ የለም። ሰው ሲያሸንፍህ ትሰድበዋለህ። ሲሸነፍልህ ምን ትለዋለህ?

ሚስቴ ከድንጋዩ ተነሥታ በአጠገቤ አልፋ ወደ ወንድሟ ሄደች፤ ተልባ ወቅጣ ጀርባው ላይ ልታደርግለት።

"ለእኔስ?" አልኳት።

"አንተን ምን ነካህ?" አለችኝ።

ቅጥረኞቹ በዚያው ከሰዓት ሄዱ። በጾም የማይታረድ ሁለት በግ እየነዱ፣ ጾሙ ሲፈታ ደብረ ታቦር ገበያ እንሸጣቸዋለን እየተባባሉ፣ አንድ ጃንጥላ ይዘው። የእኛው ከሩቅ ዞሮ እጁን አወዛወዘልኝ። ረግሜዋለሁ፤ ግን በኋላ ሳስበው ያልዋሸን እሱ ብቻ ነው። የማውቀውን ሰው አልመታም አለ፣ አልመታም። እኛ ነን ያልተናገርነው። የፈለግነው ማዶዎች እንዲገረፉና በማግሥቱ ለቅሶ ቤት "እኔ አልመታሁህም" እያልን አብረን ንፍሮ እንድንበላ ነው። ሩቅ አገር ያሉት መንግሥታትም የሚገዙት ይህንኑ ይመስለኛል። ገራፊ በየገበያው አለ። ውድ የሆነው "እኔ አይደለሁም" ማለቱ ነው።

ሴትዮዋ እስከዚህ ሰምታኝ ደብረ ታቦር መነኻሪያ ደረስን። ቃሪያዋን አቅፋ ወረደች፤ ወርዳም በመስኮቱ በኩል ተመለሰችና፣ "ላሟስ?" አለችኝ። ስለ ሰው ጀርባ አልጠየቀችም።

ላሟ ወፈረች። ከመስቀል በኋላ የላይኛውን ሣር እየበላች ዓይኗን ስትጨፍን ከረመች፤ ወተቷም ተመለሰ። ሚስቴም ተልባውን ጨርሳ ተመለሰች። ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት አማቼ የራሱን ላም እየጎተተ ደጄ መጣ። ከላሟ አፍንጫ ደም ይንጠባጠባል። ታችኛው እጅ ሥራውን ሠርቷል። አልቅት ለማውጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ምላሷን በጨርቅ ስቦ ይይዛል፣ ሌላው እጁን አመድ ነክሮ አልቅቱን ይነቅላል።

"ማዶ ሰው ጠፋ?" አልኩት።

"ሞልቷል።"

"አትቀጥርም ታዲያ?"

"ለበግ ብሎ የላም ምላስ የሚይዝ የለም። ያዝ አሁን።"

ያዝኩ። የላም ምላስ ይዞ የማያውቅ ሰው አያውቀውም፤ እርጥብና ሻካራ፣ ጠንካራ እንደ በሬ ነው። አማቼ ክንዱን እስከ መሐል አስገብቶ ይፈልጋል። ሲያጎነብስ ሸማው ሸሸና ጀርባውን አየሁት። የእኔ ጅራፍ ያሳረፈው መስመር ሽሮ ገና አልጠፋም።

"ጀርባህ ዳነ?" አልኩት።

"እህቴ ተልባ አደረገችልኝ። ለከርሞ ማንን ልትቀጥሩ ነው?"

"አንተን።"

"በግ አልቀበልም። ጥጃ ነው።"

"ጫማህን የማትረሳ ከሆነ እናስብበታለን።"

ሳቀ መሰለኝ፤ ክንዱ ላሟ አፍ ውስጥ ስለሆነ የሳቀው እሱ ይሁን እሷ አልለየሁም። አልቅቱን ይዞ ሳበው። ላሟ አመማትና ዘለለች፤ ስትመለስ እግሯን የጎማ ጫማዬ ላይ አሳረፈችው፣ ከነሙሉ ክብደቷ።

"ያዝ" አለ አማቼ፣ "እንዳትለቃት፤ እየወጣ ነው።"

ያዝኩ። እግሬን አላነሣሁም።